ያልተሳበው ዘንቢል

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት
ሙቀቱ ከገባ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ

ለባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳልጠይቅሽ ከርሜ ዛሬ ብድግ ብዬ «እንደምን ሰነበትሽ» ስልሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ሳቂ፣ ግዴለም። እኔ አለሁ፤ ማለቴ ላብ ሆኖ ካልፈሰሰው የተረፈው አለ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ስለ እሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ እስክሪብቶ ያስያዘኝ ምን መሰለሽ? ሥራ የለኝም፣ የሕንፃው የውሃ ፓምፕ ተቃጥሏል። የሚያወራኝ ሰው የለም፣ ልብስ ሰፊው አኩርፎኛል። ስለዚህ አንቺ ትዝ አልሽኝ። እንዲህ ብሎ ለሚስቱ የሚጽፍ ሰው ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ።

ይሄ ሙቀት አንቺ የምታውቂው ሙቀት እንዳይመስልሽ። አምና «ደረቴን አፈነኝ» እያልሽ ከመስኮት መስኮት ስትዞሪ የነበረው የልጆች ጨዋታ ነው። ዘንድሮ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ሰው የሚተነፍሰው አይመስለኝም፣ የሚጠጣው ነው የሚመስለኝ። ግድግዳው ያልበዋል። ጨው በዕቃው ውስጥ እንዳለ ውሃ ሆኗል። ክብሪት አምስት ጭሬ አንዱ ቢይዝልኝ ነው። ያ ለሠርጋችን የገዛሁት ቡኒ ጫማ አረንጓዴ ሻጋታ አበቀለ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ይሆናል፣ ከቀትር በኋላ ይጠቁራል፣ ቅጠል አይነቃነቅም። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ «ዛሬስ ይመጣል» ይላል። ሲመጣ ደግሞ አያድርስ ነው! ሙቀቱ በገባ በሦስተኛው ቀን የወረደው ዶፍ የሊፍቱን ጉድጓድ እስከ አፉ ሞላው፤ ሊፍቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከዚህ መንገድ ብቻ ሰሞኑን አራት ሽማግሌዎች በቃሬዛ ወጥተዋል። የተመለሱት ሁለት ናቸው።

አንቺ እዚያ ከእህትሽ ጋ፣ ከዳገቱ ላይ፣ ነፋስ ሳይኖርሽ አይቀርም። እሰየው። ስልኬ ፓምፕ ክፍል ውሃ ውስጥ ወድቆ ከሞተ ሁለት ወር አለፈው፤ ሌላ አልገዛሁም። ባይሞትም ብትደውዪ አላነሳውም ነበር። ልዋሽሽ አልችልም።

ደግሞ በሩ! በር ሁሉ አብጧል። እንጨት እንዲህ እርጥበት እንደሚጠጣ አላውቅም ነበር። ያብጥና ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ ቁልፍ ቢኖርሽ ባይኖርሽ አንድ ነው። የሰባተኛ ፎቋ አስተማሪ ባለፈው ቅዳሜ ከሁለት ልጆቿ ጋር ቤቷ ውስጥ ተይዛ፣ ባሏ፣ ያ አውቶቡስ ነጂው፣ ከውጭ በትከሻው ገጭቶ ነው ያወጣቸው። ከዚያ ወዲህ መላጊያ ይዤ ከቤት ቤት እዞራለሁ። የአሥራ አንድ ቤት በር ላግሁ። «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» ይሉኛል። ዘበኛ ብለው ሲጠሩኝ የነበሩት ናቸው እንግዲህ።

አሥራ ሁለተኛው የልብስ ሰፊው በር ነበር። እሱን አልላግኩም። ምክንያቱን ስሚና ፍረጂኝ።

ልብስ ሰፊውን መቼም አትረሺውም፤ ስምንተኛ ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው። ሰማያዊ ቀሚስሽን ሦስት ጊዜ አስፈትተሽ ያሰፋሽው፣ በሦስተኛው «እመቤቴ፣ የተቀየረው ቀሚሱ ሳይሆን ወገብዎ ነው» ቢልሽ አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ የነሳሽው። እሱም በኩርፊያ ከሁላችን ይብሳል። አንድ ደንበኛ ኮሌታው ጠመመ ቢለው ዘጠኝ ቀን በሩን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ማን ቢያንኳኳ ዝም፣ ማን ቢጣራ ዝም። አሁን ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ከድቶታል፤ ድምፁም ከዚያ ከጉሮሮ ሕመሙ ወዲህ ሹክሹክታ ሆኖ ቀርቷል። ሊፍቱ ሲቆም ደረጃውን መውረድ አቃተው። ታዲያ ሁለታችን አንድ ዘዴ ፈጠርን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በግቢው በኩል ባለው መስኮቱ ዘንቢል በሲባጎ አስሮ ያወርዳል፤ ዘንቢሉ ልክ ከእኔ ከምድር ቤቱ መስኮት ፊት ይቆማል። ዳቦና ጋዜጣ አደርግበትና ሲባጎውን ሁለት ጊዜ ሳብ አደርጋለሁ፤ ይጎትተዋል። እሱም የሚፈልገው ነገር ካለው በወረቀት ጽፎ ከዘንቢሉ ጨርቅ ሥር ይሸጉጥና ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ያደርጋል። «እየኝ» ማለቱ ነው። ሕፃናት ሆነናል በይ። ሆነናል።

ሰኞ ከሰዓት ዳማ ልንጫወት ወጣሁ። በሩ ያኔም አብጦ ስለነበር በትከሻዬ ገፍቼ ነው የገባሁት። «ይሄን በር ላግልኝ እንጂ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እዚሁ ታሽጌ እቀራለሁ» አለኝ። «ነገ መላጊያዬን ይዤ እመጣለሁ» አልኩት። ከዚያ ጨዋታው መሐል ላይ፣ ሊሸነፍ ሁለት ጠጠር ሲቀረው፣ «ላቤን ስጠርግ ጠጠር አንቀሳቅሰሃል» አለኝ። «ሌባ!» አለኝ። እኔን! አሥራ ሰባት ዓመት የዚህን ሁሉ ሰው መለዋወጫ ቁልፍ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ የማድረውን! ተነሳሁ፣ ወጣሁ፣ በሩን ባለ በሌለ ኃይሌ ከኋላዬ ወረወርኩት። ሕንፃው ተናወጠ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅሽም።

መላጊያው እንግዲህ አልጋዬ ሥር ነው። ይቅርታ ሲጠይቀኝ ይዤ እወጣለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ዘንቢሉ ወረደ። ጋዜጣውን ከለከልኩትና ዳቦውን ብቻ ጣልኩበት፤ ጎተተው። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲደክም፣ ሲጠፋ፣ ሲመጣ፣ ፓምፑ ጢሱን ለቀቀና ቀጥ አለ። የተቃጠለ ሞተር ሽቦ የሚጠመጥመው ሰውዬ ሊጠግነው ወስዶታል፤ «ዓርብ» ብሎኛል። ፓምፕ ከሌለ ውሃው በራሱ ጉልበት ከሦስተኛ ፎቅ አያልፍም፣ ታውቂዋለሽ። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ባልዲ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደረጃው ውሃና ስድብ ብቻ ነው። ከታች ያለው ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ ጄኔሬተሩን ግቢው መሐል አስነስቶ ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል፤ ሰው ራሱን አይሰማም።

ትናንት ጠዋት ዘንቢሉ ወረደ። ለአንቺ እውነቱን ልናገር፤ ውሃ እንዳለቀበት ገምቻለሁ። አንድ ጠርሙስ ብጨምርለት ምን ይጎድልብኛል? ግን ይጠይቀኝ አልኩ። «ተሳስቼ ነው፣ ሌባ አይደለህም፣ ውሃ ስጠኝ» ይበል። ከጨርቁ ሥር ወረቀት ይኑር አይኑር አላየሁም። ሌባ ያለኝን ሰው ትእዛዝ ላነብ ነው? ዳቦውን ከላይ ጣል አድርጌ ሁለት ጊዜ ሳብኩ። አልጎተተም። ውሃ ስላልጨመርኩለት ተቆጥቶ ነው አልኩና መስኮቴን ዘጋሁ።

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ገደማ ሲባጎው ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አለ። ነፋስ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ማታውን የወረደውን ዝናብ ምን ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። አመሻሹ ላይ ሰማዩ አንዴ ሐምራዊ ሆነና ተከፈተ። ነጎድጓዱ መስኮት ያረግፋል። መንገዱ ላይ የቆሙ መኪናዎች እስከ በራቸው ጠለቁ። የፊት ለፊቱ ሕንፃ ቆርቆሮ ተገንጥሎ እየበረረ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት። ዘንቢሉ ግድግዳውን እየመታ ሲወዛወዝ አመሸ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ይህን ሁሉ እያየ የማይጎትት እልኸኛ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ዛሬም እዚያው ተንጠልጥሏል። ስጽፍልሽ ቀና ባልኩ ቁጥር አየዋለሁ። ዳቦው ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ፈርሷል።

አሁን እዚህ ላይ አቋርጬ ነበር። አስተማሪዋ ባልዲዋን ልትሞላ መጥታ ነው።

«ጋሼ፣ ልብስ ሰፊውን አይተዋቸዋል?» አለችኝ።

«አኩርፏል» አልኳት።

«እኔም እሱን ብዬ ነው። ትናንት ጠዋት ወለሉን በዱላ ሲደበድቡት ነበር። ልጆቹ ጮኸውባቸው ነው ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። ማታ ላይ ወጥቼ ባንኳኳ ዝም አሉኝ። ማሽናቸውም ከትናንት ጀምሮ ድምፁ የለም።»

«ዘጠኝ ቀን ያኮረፈ ጊዜስ?» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ባልዲዋን ይዛ ሄደች።

አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ገና ትናንት ወጥተሽ በሩን ታንኳኪው ነበር። «ሁለታችሁም ሽማግሌ ሆናችሁ እንጂ ሰው አልሆናችሁም» ብለሽ። አንቺ ኩርፊያ የምታውቂው ለአንድ ወር ነው፤ እንደኛ ዕድሜ ልክ አይደለም። ስትሄጂ ያልሽኝን አስታውሳለሁ። «ከዚህ እርጥብ ክፍል አውጣኝ፣ ደረቴ አለቀ» ብለሽ ለመንሽኝ፤ እኔ «ፓምፑን ማን ያስነሳል?» አልኩሽ። ሻንጣሽን አንስተሽ «ኩርፊያህን አቅፈህ ተኛ» አልሽና ወጣሽ። መናኸሪያ ድረስ አልሸኘሁሽም። አቅፌው ተኛሁ። በዚህ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያቃጥል አልነግርሽም።

እርግቦቹ ዳቦውን አገኙት። ዘንቢሉ ላይ ሦስት ሆነው ይለቅማሉ። ልብስ ሰፊው እርግብ አይወድም፤ የሰፋውን ያበላሹበታል። አንዲቷ መስኮቱ ጫፍ ላይ ካረፈች ያንን ረጅም የእንጨት ሜትሩን ይዞ መቃኑን ይደበድባል፤ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። አሁን አራት ሆነው ጫፉ ላይ ተሰልፈዋል። የሚያባርራቸው የለም።

አንዷ ወደ ውስጥ ገባች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት።

ቆይ። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ነፋስ አልነበረም። ቅጠል አይነቃነቅም ነበር፤ እኔው ራሴ ከላይ ጽፌልሻለሁ። ነፋሱ የመጣው ማታ ነው።

ልውጣ። መጣሁ።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ሞተ።

ሌላ አቀራረብ ፈልጌ አጣሁለት። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። እጁን ይዤው ነበር። አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም፣ የምነግረውም ሰው የለኝም።

ጄሪካን ውሃ ይዤ ነው የወጣሁት። ደረጃው ጨለማ ነው፣ ግድግዳው እጅ ላይ ይጣበቃል፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መምታት ጀመረ። አስተማሪዋ በሯን ከፍታ አይታኝ ምንም ሳልላት ተከተለችኝ። አንኳኳሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ዝም። «ሰውዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ከመሬት ተነስቼ ይቅርታ ስል ራሴን ሰማሁት፤ እንዲህ ቀላል ነበር ለካ።

በሩ አልተቆለፈም። እጀታው ይዞራል። ግን ንቅንቅ አይልም። በትከሻዬ ገጨሁት፤ ሁለተኛ ገጨሁት፤ አስተማሪዋም አብራኝ ገጨች። በአራተኛው ተሰንጥቆ ተከፈተ። ወለሉ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተበትኗል። ያ ትልቁ መቀሱ በበሩና በመቃኑ መሐል ተሰክቶ፣ አንዱ ስለት ጠምሞ ቀርቷል። በሩን በመቀስ ሲፍቅ ኖሯል። መላጊያ ስላልመጣለት።

እያኮረፈ አልነበረም። ሰኞ እኔ ስወረውረው መቃኑ ውስጥ የተቀረቀረው በር ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም። ትናንት «ሕንፃው ተናወጠ» ብዬ ደስ ብሎኝ ጻፍኩልሽ። ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ግን አንብቢው። የማን ሚስት እንደሆንሽ እወቂው።

ከመስኮቱ ሥር ወድቆ ነበር። ክፍሉ ምድጃ ነው፤ ከጣሪያው ሙቀት ይንጠባጠባል ብልሽ ይቀለኛል። እርግቦቹ በራሱ ላይ አልፈው በረሩ። ሲባጎው የግራ እጁ አንጓ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። ማንቆርቆሪያው ደርቋል። ጨርቅ ሲተኩስ ውሃ የሚረጭባት ያቺ ትንሽ ጠርሙስ አለችው አይደል? ክዳኗ ተነቅሎ ባዶዋን አጠገቡ ተኝታለች። እሷንም ጠጥቷታል።

አስተማሪዋ ፎጣ ነክራ ከንፈሩ ላይ አደረገችለት። ዓይኑን ገለጠና አየኝ። አወቀኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምን እንዳለኝ ገምቺ። ስድብ መስሎኝ ነበር፤ ስድብ በሆነልኝ!

«ይቅርታ» አለኝ። «በሩ እምቢ አለኝ።»

እንግዳ በሩ ላይ ቆሞበት ሳይከፍትለት እንደዘገየ ሰው። ይቅርታ ሲጠይቀኝ መላጊያዬን ይዤ እወጣለሁ ብዬ አልነበር? ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛውን ሰሌዳ ነቅለን በእሱ ላይ አጋደምነውና አወረድነው። የአስተማሪዋ ባል፣ እኔ፣ ዳቦ ጋጋሪው። ዳቦ ጋጋሪው ጄኔሬተሩን አጠፋው። ግቢው ጸጥ ሲል ሦስታችንም ቀጥ ብለን ቆምን። አንድ ሰው በሹክሹክታ እንኳ ቢጣራ ይሰማ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ፣ ልጃችን የምትሆን ልጅ፣ «አባባ፣ ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጡት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አስተማሪዋ «አናውቅም» አለችልኝ። ውሃው የቆመው ማክሰኞ መሆኑን ሁለታችንም አውቀን ነበር እኮ።

ሲነጋ ካረፈ በኋላ ወደ ሕንፃው ተመለስኩ። መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ብነግርሽ ዕብድ ትዪኛለሽ። መላጊያውን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ስምንተኛ ፎቅ ወጣሁና በሩን ላግኩት። ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር። ስንጥቁን በምስማር ያዝኩት። አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። የሰኞው ዳማ ሰሌዳው ላይ እንዳለ አለ። ቆጠርኩት። አንድ ጠጠር ካለቦታው ቆማለች። እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኳት ይሆን? በፈጣሪ ስም፣ አላስታውስም። ላቤን ስጠርግ ክንዴ ነክቷት ሊሆን ይችላል። እሱ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወርጄ ዘንቢሉን ከሲባጎው ፈታሁት። የዳቦውን ፍርፋሪ ጠረግኩ፣ ጨርቁን ገለጥኩ። ወረቀት አለ። አራት የታጠፈ። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበር፤ ከእጄ በታች አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር የለየን። ዝናቡ ቀለሙን አጥቦት ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኗል፤ አንድ ፊደል አልተረፈችም። መስኮቱ ላይ አሰጣሁት፣ በመብራት አየሁት፣ ምንም። ውሃ ይሁን ያለው፣ በሩን ክፈትልኝ ይሁን፣ ሌባ ስላልኩህ ይቅርታ ይሁን፣ ወይስ ዝም ብሎ ጥቁር ክር ይሁን፣ አላውቅም። መቼም አላውቅም። አስተማሪዋ አጠገቤ መጥታ «ምን ይላል?» ስትለኝ «ክር ላክልኝ ነው የሚለው» አልኳት። እንቅልፍ ትተኛ ብዬ ነው፤ ወለሉን በዱላ ሲደበድብ ልጆቿን ያስቆጣት ያ ድምፅ ይበቃታል።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልምጣ።

«ደርሶኛል» ስልሽ አንብቤዋለሁ አላልኩሽም። አላነበብኩትም። ከመጣ አርባ ቀን አልፎታል። ያመጣው ፖስተኛ ሲሰጠኝ የእጅ ጽሕፈትሽን አየሁና ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ «አሃ፣ አሁን ነው ትዝ ያልኳት?» ብዬ ከሬዲዮው ጀርባ ሰነቀርኩት። ትንሽ ትጠብቅ አልኩ። አንድ ሌላ ትጻፍ፣ ሁለተኛው ሲመጣ ሁለቱን አብሬ እከፍታለሁ አልኩ። ሁለተኛ አልመጣም። የሬዲዮውን ድምፅ ለመጨመር እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ያየኛል፤ አልከፈትኩትም።

አሁን ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። እርጥበቱ ሙጫውን አስለቅቆታል፤ ለመክፈት መቅደድ እንኳ አያስፈልገውም። አንድ ጠርዙ ረጥቦ ሰማያዊ ቀለም ወደ ውጭ ወጥቷል።

ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ልጻፍ። ምንም ብትዪ መልሴ እሺ ነው። ና ካልሽ እሺ። አትምጣ፣ ዓይንህን እንዳላይ ካልሽም እሺ። ፓምፑን ምረጥ ወይ እኔን ካልሽ፣ የፓምፕ ክፍሉን ቁልፍ ዛሬ ጠዋት ለአስተማሪዋ ባል ሰጥቼዋለሁ፤ ሞተሩ ሲመጣ የሚያስነሳው እሱ ነው። እንዴት እንደሚጠፋም አሳይቼዋለሁ። ይህን ሳላነብ እንደጻፍኩት እመኚኝ። ሌላ የምሰጥሽ ማረጋገጫ የለኝም።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ። አየሩን ያቅልልሽ። ውሃ አይጥፋብሽ፣ በር አይጥበቅብሽ፣ ስትጣሪ የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ። እህትሽን ሰላም በያት፤ እሷም ታኩርፈኛለች፣ መብቷ ነው።

«ኩርፊያህን አቅፈህ ተኛ» ያልሽው
ባልሽ

አሁን ከፈትኩት።

ግማሹ ታጥቧል። የቀረውን አነበብኩት። «ደረቴ ጠንቶብኛል፤ ሐኪሙ ብቻዋን አትደር ብሏል። እህቴ ሥራዋን ትታ ልትጠብቀኝ አትችልም። ቂምህን ተወውና ና። ሁለተኛ አልለምንህም።»

አርባ ቀን።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠውም። ኪሴ ውስጥ ይዤው እመጣለሁ፤ በእጅሽ ትቀበዪኛለሽ። አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ መንገዱ ይዘጋል ይላሉ። ከተዘጋ በእግሬ እመጣለሁ።

ቆይኝ።